ማን ላከህ?

በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሕጋዊ መንገዱን ሁሉ የጨረሰ ነበር። ሁለቱ ምክር ቤቶች ተከራክረውበታል፣ ንጉሠ ነገሥቱ አጽድቀውታል፣ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሟል። ጎጃምም በሕግ መምሪያ ምክር ቤት ውስጥ የራሱ እንደራሴዎች ነበሩት። በመዝገብ ከሄድን የሞጣና የቢቸና ገበሬ በስሙ ተነግሮለታል፣ ድምፁም ተቆጥሯል። ገበሬው ግን እንደዚያ አላየውም። የግብር ገማቾች ወደ አገሩ ሲመጡ አላስገባም አለ። አቤቱታ የያዙ ሰዎችን ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ አዲስ አበባ ላከ። ሰሚ ሲያጣ ጠመንጃውን አነሣ። ጦር ዘመተበት፣ አውሮፕላን መንደሮቹን ደበደበ። ነገሩ የበረደው ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ከተነሡና ውዝፉ ግብር ከተሰረዘ በኋላ ነው።

ስለዚህ ዐመፅ የጻፉ ሰዎች፣ ከእነርሱም የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ፣ ብዙ ምክንያት ያነሣሉ። ርስቴ ተለክቶ ከእጄ ይወጣል የሚል ሥጋት ነበር፤ የሹማምንት በደል ነበር፤ ከጣሊያን መውጣት ጀምሮ የተከማቸ የግብር ቅሬታም ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ከሁሉም ሥር ግን ሌላ ጥያቄ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ተቀምጦ «ጎጃም ተስማምቷል» ያለው ሰው ይህን ቃል ከየት አመጣው? ማን ላከው?

ይህ ጥያቄ ለገበሬና ለመንግሥት ብቻ የተተወ አይደለም። መምህራን፣ ሐኪሞች፣ ጠበቆች፣ መሐንዲሶች በሙያ ማኅበር ሲሰባሰቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይከተላቸዋል። ሊቀ መንበሩ ለጋዜጠኛ መግለጫ ሲሰጥ፣ ጸሐፊው ለሚኒስቴር ደብዳቤ ሲያረቅ፣ ልዑኩ ውጭ አገር በጉባኤ ላይ ሲነሣ «እኛ» ይላል። ያ «እኛ» የማን ነው? በአዳራሹ ያልነበሩ፣ አንዳንዶቹም ሐሳቡን የማይቀበሉ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ አፍ ሊናገሩ የሚችሉት እንዴት ነው? የማኅበራት መተዳደሪያ ደንብ ይህን ነገር ብዙውን ጊዜ በሁለት አንቀጽ ያልፈዋል፤ ማን እንደሚፈርም፣ ማኅተሙ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ ይናገርና ያበቃል። ጉዳዩ ግን ከአሠራር በፊት የኅሊና ጉዳይ ነው። የሰው ቃል የራሱ ነው። ሌላው ሲናገርለት ከራሱ ላይ አንድ ነገር ቆርሶ ሰጥቷል፤ የሰጠውንም መልሶ የመጠየቅ መብት አለው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው «ሌዋታን» ተናጋሪንና የቃሉን ባለቤት ለያይቶ አስቀምጧል። ወኪል በተሰጠው ሥልጣን ልክ የተናገረውን ወካዩ እንደ ራሱ ቃል ይሸከማል፤ ከልኩ ያለፈውን ግን ተናጋሪው ብቻውን ይሸከመዋል። ኤድመንድ በርክ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1774 የመረጡትን የብሪስቶል ሰዎች አንድ መራራ ነገር ነግሯቸዋል፤ እንደራሴ የተነገረውን የሚያደርስ መልእክተኛ ብቻ ሳይሆን በራሱ ፍርድ የሚሠራ ሰው ነው፣ ፍርዱን ለእናንተ ስሜት አሳልፎ ከሰጠ ከድቷችኋል የሚል ነበር ሐሳቡ። ከስድስት ዓመት በኋላ የብሪስቶልን ወንበር አጣ። አንደኛው ለወካዩ፣ ሁለተኛው ለተናጋሪው ኅሊና ያደላሉ።

የሙያ ማኅበር ከሁለቱም የከበደ ነገር ተሸክሟል። ምክንያቱም የሚናገረው በአባላቱ ስም ብቻ አይደለም፤ በዕውቀትም ስም ነው። የሐኪሞች ማኅበር ስለ ደመወዝ ሲናገር አባላቱን ይጠይቃል፣ ድምፅ ይቆጥራል። ስለ ኩፍኝ ክትባት ሲናገር ግን እውነቱ በድምፅ ብልጫ አይለወጥም። ለአባሉ አደራ አለበት፤ ለሙያውም አደራ አለበት። ሁለቱ አደራዎች የሚጋጩበት ቀን ይመጣል፤ ለዚያ ቀን አስቀድሞ ያልተዘጋጀ ማኅበር የሚናገረው የፈራውን ወይም የጠቀመውን ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ እስከ ደም የከፈለው የመምህራን ማኅበር ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1941 ዓ.ም. ነው። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከተቃወሟቸው ነገሮች አንዱ «ሴክተር ሪቪው» የሚባለው የትምህርት ዕቅድ ነበር። የድሃውን ልጅ ከጥቂት ዓመት ትምህርት በኋላ ወደ እርሻና ወደ እጅ ሥራ የሚመልስ ሆኖ ታያቸው፤ ወላጁም እንደዚያው አየው። ዕቅዱ ተተወ። ያን ጊዜ ማኅበሩ ሲናገር መምህሩ የክፍሉን በር ዘግቶ ቃሉን አጸናለት። ማን ላከህ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም፤ ላኪው በየትምህርት ቤቱ ይታይ ነበር።

ከ1983 በኋላ ግን ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱም ወገኖች አንዱን ስም ያዙ። አንደኛው በዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ይመራ ነበር፤ ሌላው የመንግሥት ዕውቅና ነበረው። ከዚያ በኋላ «የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር» የሚል ርእስ ያለው ደብዳቤ የደረሰው ሰው ይዘቱን ከማንበቡ በፊት የየትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ነበረበት። መቀመጫው ብራስልስ የሆነው ዓለም አቀፉ የመምህራን ድርጅት፣ ኢዱኬሽን ኢንተርናሽናል፣ አባሌ የሚለው የዶክተር ታዬን ወገን ነበር። እርሳቸው በግንቦት 1988 ከአውሮፓ ሲመለሱ ታሰሩ። ማኅበሩን ይመሩ ከነበሩት አንዱ አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በመንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ዶክተር ታዬ 15 ዓመት ከተፈረደባቸው በኋላ ቅጣቱ በይግባኝ ተቀንሶ በ1994 ተፈቱ። ጉዳዩ በዓለም ሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ ፊት ቀረበ። በአገር ውስጥ የስምና የንብረት ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2000 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ስሙንና ንብረቱን የመንግሥት ዕውቅና ለነበረው ወገን አጸና። የተሸነፉት «ብሔራዊ የመምህራን ማኅበር» ብለው ለመመዝገብ ቢጠይቁ ተከለከሉ።

በዚህ ረጅም ሙግት ውስጥ ልብ የሚነካው ነገር ከችሎቱ ውጭ ያለው ነው። ለዓለም ሥራ ድርጅት ከቀረቡት ቅሬታዎች አንዱ፣ የአባልነት መዋጮ ያለ መምህሩ ፈቃድ ከደመወዙ እየተቆረጠ እርሱ ላልመረጠው ወገን ይገባል የሚል ነበር። በወረዳ ከተማ የሚያስተምር ሰው ይህን ምን ብሎ ይረዳው? ገንዘቡ በእርሱ ስም ይወጣል፣ መግለጫው በእርሱ ስም ይነበባል፣ እርሱ ግን ከሁለቱም ላይ የለም። ፍርድ ቤት የማኅተሙንና የሕንፃውን ባለቤት ሊወስን ይችላል፤ ሥራውም ያ ነው። የቃሉ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚያውቀው ግን መምህሩ ብቻ ነው፤ እርሱን ደግሞ ማንም አልጠየቀውም።

ሞጣና ቢቸና ባሉበት፣ የቤተ ክህነት ትምህርት በሰፈነበት በምሥራቅ ጎጃም ለዚህ ጉዳይ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 አለ። ከይሁዳ የወረዱ ሰዎች አንጾኪያ ገብተው፣ ከአሕዛብ ያመኑት ካልተገረዙ አይድኑም ብለው አስተማሩ። ክርክር ተነሣ፤ ጉዳዩ ኢየሩሳሌም ለነበሩት ሐዋርያትና ሽማግሌዎች ቀረበ። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ጴጥሮስ ተናገረ፣ በርናባስና ጳውሎስ ያዩትን መሰከሩ፣ ያዕቆብም ሐሳቡን አቀረበ። ከዚያ ከመላዋ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተስማምተው ደብዳቤ ጻፉ።

ያ ደብዳቤ ዛሬ በማንኛውም ማኅበር ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ቢሰቀል አይበዛበትም። ከሰላምታው ቀጥሎ መጀመሪያ የሚናገረው ነገር፣ ከእኛ ወጥተው ያወኳችሁን ሰዎች እኛ አላዘዝናቸውም የሚል ነው። ውሳኔውን ከመንገሩ በፊት ያልተላከውን ተናጋሪ ይለያል። ደብዳቤውን የሚያደርሱትም ጳውሎስና በርናባስ ብቻ አልነበሩም፤ እነርሱ የክርክሩ ወገን ነበሩና። በርስያን የተባለው ይሁዳና ሲላስ ተመርጠው አብረው ወረዱ፣ የተጻፈውንም በአፋቸው እንዲያረጋግጡ። አንጾኪያ ሲደርሱ ጽሑፉን ለጥቂት ሰዎች በጓዳ አላሳዩም፤ ሕዝቡን ሰብስበው ሰጡ፤ ተነበበም። ደብዳቤው አጭር ነው፤ የሚጠይቀውም ጥቂት ነገር ነው። የመንፈስ ቅዱስን ፈቃድ ከራሳቸው ጋር አብረው ለመጥራት የደፈሩ ሰዎች እንኳ ይህን የደፈሩት ክርክሩን ሁሉ ሰምተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ክርክር ሳይሰማ «መላው አባላችን በአንድ ድምፅ» የሚል መግለጫ የሚያወጣ ሥራ አስፈጻሚ ሐዋርያት ያልደፈሩትን ደፍሯል።

ሌላው ምሳሌ በዚሁ በኢትዮጵያ ምድር የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱ ሙስሊሞች አክሱም ገቡ። የመካ ገዢ ጎሣ የነበሩት ቁረይሾች ሁለት መልእክተኞችን ከስጦታ ጋር አስከትለው ላኩ። በእስልምና የታሪክ መጻሕፍት እንደሚተረከው መልእክተኞቹ አስቀድመው የሄዱት ወደ ንጉሡ አልነበረም፤ በዙሪያው ላሉት ጳጳሳትና ሹማምንት ስጦታ አድለው፣ ስደተኞቹ ሳይሰሙ እንዲሰጧቸው እንዲመክሩላቸው አግባቡ። ዛሬ በየዋና ከተማው በጓሮ በር የሚካሄደው ማግባባት ይኸው ነው፤ መልኩ ብዙ አልተለወጠም። ንጉሡ ነጃሺ ግን ሳልሰማቸው አልሰጥም አሉ።

ስደተኞቹ መጥሪያው ሲደርሳቸው ተሰበሰቡ፣ ምን እንበል ብለውም ተማከሩ። የተስማሙበት ነገር፣ የምናውቀውንና የተማርነውን እንናገራለን፣ የሚመጣው ይምጣ የሚል ነበር። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ስለ ሁሉም ተናገሩ። በማግስቱ ከባዱ ጥያቄ መጣ፤ ስለ ዒሳ፣ ማለትም ስለ ኢየሱስ፣ ምን ትላላችሁ ተባሉ። በክርስቲያን ንጉሥ ፊት ይህ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነበር። እንደገና ተማከሩ፣ መልሳቸውንም አላለሰለሱም። ነጃሺ አስጠጓቸው፤ ስጦታውም ተመለሰ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። ታሪኩ በዋናነት የደረሰን ከጃዕፈር አፍ አይደለም። የተረኩልን ከስደተኞቹ መካከል የነበሩት ኡሙ ሰለማ ናቸው። ተናጋሪው የተባባሉትን በትክክል እንደተናገረ የመሰከሩት ከተናገረላቸው አንዷ ናቸው። የማንም ቃል አቀባይ ከዚህ የተሻለ ምስክር ወረቀት ሊያገኝ አይችልም።

ሁለቱን ታሪኮች በሞጣ ጎን ለጎን ለመንገር ምክንያት አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በከተማዋ መስጊዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተዘረፉ። ከዚያ ቀደም ብሎ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እሳት ተነሣ የሚል ወሬ ተሰምቶ ነበር። እሳት የለኮሱት ሰዎች ማንም ጉባኤ አልላካቸውም፤ የማንንም ምእመን ድምፅ አልያዙም። ግን በብዙዎች ስም ሠሩ፤ ያላዘዛቸው ሕዝብም የሥራቸው ተጠያቂ መስሎ በአገር ሁሉ ፊት ቆመ። በተለያዩ ከተሞች ሙስሊሞች ሰልፍ ወጡ፣ መንግሥትና የሃይማኖት አባቶች ድርጊቱን አወገዙ። «አላዘዝናቸውም» የሚለው ቃል በእንዲህ ያለ ቀን ከውሳኔ ሁሉ ይቀድማል። የሃይማኖት ተቋም ብቻ ሊለው የሚገባ ቃልም አይደለም። በአንዲት ከተማ የሁለቱን እምነት ልጆች በአንድ ክፍል የሚያስተምሩ መምህራን፣ የሁለቱን እምነት በሽተኞች የሚያክሙ ሐኪሞች፣ የሁለቱንም ዕቃ የሚገዙና የሚሸጡ ነጋዴዎች ማኅበር አላቸው። ማኅበሩ በዚያን ዕለት ምሽት ማን እንዲናገርለት፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ ከማን ጋር ተማክሮ እንዲናገር አስቀድሞ ካልወሰነ፣ ዝም ይላል። የዝምታውን ትርጉም ደግሞ ሌሎች ይሰጡለታል።

ማኅበር የሚናገረው ለአገሩ ሰው ብቻ አይደለም። ከውጭ ጋር መገናኘት ሲነሣ ግን በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ገንዘብ ነው፤ ሕጉም እንደዚያ ሲያስብ ኖሯል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 አንድ ማኅበር በሰብአዊ መብትና በመሰሎቹ ጉዳዮች ላይ ለመሥራት ከፈለገ ከውጭ የሚያገኘው ገቢ ከጠቅላላው ከመቶ ዐሥር እንዳይበልጥ ገደበ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤና የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሒሳባቸው ታገደ፣ ሥራቸውም ተሽመደመደ። በባሏ የተደበደበች ሴት ነፃ የሕግ ምክር የምታገኝበት ደጅ ጠበበ። ከሕጉ ጀርባ የነበረው ክርክር ግን ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም፤ ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ የሚኖር ማኅበር በአባላቱ ስም እየተናገረ የለጋሹን ሐሳብ ያስተጋባል የሚል ነበር። ፍርሃቱ እውነተኛ ጥያቄ ይዟል። መልሱ ግን የተሳሳተ ነበር፤ ማን ላከህ የሚለውን ጥያቄ አባላቱ እንዲጠይቁ ከማድረግ ይልቅ መንግሥት ራሱ ጠያቂም ፈራጅም ሆነ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያ ገደብ ተነሣ። ጥያቄው አሁን ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። አባሉ ካልጠየቀ የሚጠይቅ የለም።

ውጭው ዓለም ማኅበራት ባይነግሩትም ይሰማል፤ የሚሰማው ግን የደረሰውን ነው። ከሞጣ ብዙም በማይርቀው የዐባይ ሸለቆ ሰባራ ድልድይ አለ። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ይህ ድልድይ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ ተሰበረ፤ የጎጃምና የጎንደር ሰዎች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በክፍተቱ ላይ በገመድ እየተሳሳቡ ተሻገሩ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን ትርኢት በ«ናሽናል ጂኦግራፊክ» መጽሔት ላይ በታተመ ፎቶግራፍ አየ፤ በዚያው ተነሥቶ ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ። መልካም ሆነ፤ ማንም አይጸጸትበትም። ነገር ግን በገመድ የሚሻገሩት ሰዎች የላኩት ደብዳቤ አልነበረም ፎቶግራፉ። ለአንድ ጊዜ መልካም ልብ ያለው ሰው ገጹን ገለጠው። የአንድ ሙያ ሰዎች ችግር ሰሚ የሚያገኘው እንዲህ ባለ አጋጣሚ ብቻ ከሆነ፣ ያልታየው ችግር ስንት እንደሆነ ማሰብ ይከብዳል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ይህ የግንኙነት ጥያቄን ከደንብ ወደ ሕይወት አወረደው። በገጠር ትምህርት ቤት ያለ መምህር፣ በጤና ጣቢያ ያለች አዋላጅ ነርስ የደረሰባቸውን መናገር ሲያቅታቸው የተናገሩላቸው ሌሎች ናቸው፤ አዲስ አበባ ያለው መግለጫ አውጪ፣ ባሕር ማዶ ያለው ተቆርቋሪ፣ በሁለቱም በኩል ያለው ካድሬ። ከእነርሱ መካከል በቅን ልብ የተናገረ ሞልቷል። ቢሆንም ስልኩ የተዘጋበት ሰው ዝምታ ለማንም የተሰጠ የውክልና ሥልጣን አይደለም። በእርሱ ስም የሚናገር ሁሉ የሰማሁት ይህን ያህል ነው፣ ያላረጋገጥኩት ይህ ነው ማለት አለበት።

እንግዲህ አንድ የሙያ ማኅበር ይህን ሁሉ ተሸክሞ እንዴት ይናገር? የእድር ጥሩንባ ነፊ ጥሩ አስተማሪ ነው። በየጎዳናው የሚያሰማው የሞተውን ሰው ስም፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ነው። ስለ ሟቹ የራሱን አስተያየት አይጨምርም፤ ማን ላከህ ቢባል የእድሩ ዳኛ ይላል፣ ዳኛውም የት እንደሚገኝ ሰፈሩ ያውቃል። የማኅበር ቃል አቀባይ ከዚህ የሰፋ ሥራ አለው፤ መመለስ፣ ማስረዳት፣ አንዳንዴም ሳይጠበቅ በተነሣ ጥያቄ ላይ መወሰን አለበት። መሠረቱ ግን አንድ ነው፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው በቅርብ መኖር አለበት።

በዚህ ላይ አንዳንድ ነገር በግልጽ መወሰን ይቻላል፤ መወሰንም አለበት። ማኅበሩ ስለ ሙያው የሚናገረው በሙያው ሊቃውንት እጅ ተመርምሮ ይውጣ፤ ስለ አባላቱ ጥቅም የሚናገረው በአባላቱ ጉባኤ ተነግሮ ይውጣ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ መግለጫው የትኛው ክፍል የትኛው እንደሆነ ይንገር። በጉባኤው የተሸነፈው ሐሳብ ስንት ሰው እንደደገፈው በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ለውጭ በሚሄደውም ደብዳቤ ላይ «አብዛኞቹ» ማለት ሲቻል «ሁላችን» አይባል። ከውጭ ድርጅት ጋር የሚደረግ ስምምነት፣ የሚገኝ ገንዘብ፣ የጉዞ ግብዣ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ለአባላት ይታይ። ለድርድር የሚላክ ልዑክ ብቻውን አይሂድ፤ የተለየ ሐሳብ ያለው አንድ ሰው አብሮት ይሂድ። ኢየሩሳሌምም ጳውሎስንና በርናባስን ብቻቸውን አልላከችም።

ከሁሉም በላይ አከራካሪ የሚሆነው የአባሉ የግል አፍ ነው። ብዙ ማኅበራትና መሥሪያ ቤቶች የግንኙነት መመሪያ ሲያወጡ መጀመሪያ የሚጽፉት፣ ከተፈቀደለት ሰው በቀር ማንም ለመገናኛ ብዙኃን እንዳይናገር የሚል ነው። ይህ የግንኙነት መመሪያ አይደለም፤ አፍ መለጎም ነው። በማኅበሩ ስም መናገርን መከልከል ትክክል ነው፤ በራስ ስም መናገርን መከልከል ግን የማኅበሩን ቃል ራሱን ዋጋ ያሳጣዋል። አባላቱ መናገር የማይችሉበት ማኅበር ሲናገር ማን ያምነዋል? በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ ገንፍሎ ወደ ሥራ ማቆም ሲደርስ፣ ጥያቄው በአብዛኛው የተሰማው ከተመዘገቡት ማኅበራት ጽሕፈት ቤት ሳይሆን በማኅበራዊ መገናኛ ከተሰባሰቡ ባለሙያዎች ነበር። ብዙዎች ታሰሩ። ደመወዙ የማይበቃ ሐኪም የሚናገርለት ማኅበር እያለው ስልኩን አንሥቶ ለሕዝብ በራሱ ሲናገር፣ ጥፋቱን እርሱ ላይ ከመፈለግ በፊት በእርሱና በማኅበሩ መካከል ያለውን ርቀት መለካት ይገባል።

አንዳንዱ ይህ ሁሉ ጥያቄ ማኅበርን ያዳክማል ይላል። ጠላት በበዛበት፣ መንግሥት በሚጠራጠርበት፣ አባሉ በሚፈራበት አገር አንድ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ውስጥ ለውስጥ ተከራክረን ውጭ ግን አንድ እንሁን ይላል። የዚህ ክርክር ጉልበት አይናቅም። የመምህራን ማኅበር መከፈል ያስከተለውን ያየ ሰው አንድነትን ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ ማኅበር የተከፈለው አባላቱ ብዙ ስለጠየቁ አልነበረም። ማኅበሩ የማንን ቃል እንደያዘ አባላቱ የማይጠየቁበት አሠራር ስለነበር ማንም በስሙ ሊነሣ ቻለ፤ ሲነሣም አስቁሞ ማን ላከህ የሚለው ጉባኤ አልተገኘም። አንድ ድምፅ የሚጸናው ሲጠየቅ መልስ ካለው ነው።

በሞጣም በቢቸናም መምህራንና የጤና ባለሙያዎች በማኅበር ተደራጅተው መዋጮ ይከፍላሉ። ማኅበራቱ በዓመት ውስጥ ለዞን፣ ለክልል፣ ለሚኒስቴርና ለውጭ ድርጅቶች ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ አባሉ አብዛኛውን አላየውም። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ከበጀቱና ከምርጫው በፊት አንድ አጀንዳ ይያዝ፤ ባለፈው ዓመት በስማችን የወጣው ደብዳቤና መግለጫ ሁሉ፣ ማን እንደፈረመውና በየትኛው ውሳኔ እንደወጣ ጭምር፣ በጉባኤው ፊት ይነበብ። ያልላክነው ካለ በዚያው ቀን አልላክንም ይባል፤ ቃለ ጉባኤውም ደብዳቤው ለተላከለት መሥሪያ ቤት ይላክ።